«ልብ ብሎ ላዳመጠ ይለያል» የሚሉት ምክር

ባለ ማይክ፦ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ስለ ተቀነባበረ ድምፅ በተነሳ ቁጥር «ልብ ብሎ ላዳመጠ ሰው ይለያል» የሚል ምክር ይደጋገማል። በየትኛው ጆሮ? መደበኛ የስልክ መስመር የሚያሳልፈው በግምት ከ300 እስከ 3400 ኸርትዝ ያለውን ብቻ ነው። የ«ስ» እና የ«ፍ» ፉጨት፣ የትንፋሽ ድምፅ፣ ማሽኑ የሚሳሳትባቸው ጥቃቅን ነገሮች አብዛኛው ከዚያ በላይ ነው ያለው። መስመሩ ራሱ ማስረጃውን ቆርጦ ጥሎታል።

ቀጥ በል፦ ምክሩን ከሚሰጡት አንዱ እኔ ነኝ፣ አላፍርበትም። ጉዳዩ ፉጨት አይደለም። ሰው የሚያውቀውን ሰው በአነጋገሩ ለዛ ይለየዋል። እናት የልጇን ድምፅ አትስትም።

ባለ ማይክ፦ ማይክሮሶፍት በ2023 መጀመሪያ ያሳየው ቫል-ኢ የተባለ ፕሮግራም የሰው ድምፅ ለማስመሰል የ3 ሰከንድ ናሙና ነበር የሚበቃው። ደግሞ በልጅ ድምፅ ደውሎ ብር የሚጠይቅ አጭበርባሪ ቁጭ ብሎ ወግ አይጠርቅም። ለቅሶ፣ ጫጫታ፣ «ስልኬ ሊዘጋ ነው»፣ ከዚያ «ፖሊስ ነኝ» የሚል ሌላ ሰው ይቀበላል። እናትየዋ ልብ የምትለው በየትኛው ደቂቃ ነው?

ቆጣሪ፦ ልብ ማለት ቢያድን አሩፕ የሚባለው የእንግሊዝ የምሕንድስና ኩባንያ የሆንግ ኮንግ ሠራተኛ ይድን ነበር። በ2024 መጀመሪያ የተሰማውን አስታውሱ። ሰውየው «ምስጢራዊ ክፍያ» የሚለውን መልእክት ሲያይ ተጠራጥሯል። ማለትም ልብ ብሏል! ጥርጣሬውን ያጠፋለት የቪዲዮ ስብሰባው ነው፤ የፋይናንስ ኃላፊውም ባልደረቦቹም ተቀነባብረው በሚያውቀው ፊትና ድምፅ ቀረቡለት። በ15 ዝውውር፣ ወደ 5 ሂሳብ፣ 200 ሚሊዮን የሆንግ ኮንግ ዶላር ሄደ።

ቀጥ በል፦ 15 ጊዜ! በመሃል አንድ ጊዜ ዋናው መሥሪያ ቤት ደውሎ ቢጠይቅ ምን ነበረበት? ይሄ የአሠራር ዝርክርክነት እንጂ የቴክኖሎጂ ተአምር አይደለም።

ቆጣሪ፦ እሰይ፣ ከጆሮ ወደ አሠራር መጣህልን። ለዛውስ የት ገባ?

ቀጥ በል፦ ቃላት አትሰንጥቅ። ልብ ማለት ስል ሁሉንም ማለቴ ነው።

ቆጣሪ፦ አይ፣ «ላዳመጠ» ነው ያልከው። ከላይ ተጽፏል።

መዝገብ ቤት፦ እናንተ ስትጨቃጨቁ የሚሠራውን ልንገራችሁ። የክፍያ ትእዛዝ በድምፅም በቪዲዮም ከመጣ ስልኩ ይዘጋ። ከዚያ በመልእክቱ ውስጥ በመጣው ቁጥር ሳይሆን ቀድሞ በተመዘገበው ቁጥር መልሶ መደወል። ተቀባዩ ሂሳብ አዲስ ከሆነ ሁለት ሰው ያጽድቅ፤ ሁለተኛው ግን ስብሰባው ላይ ያልነበረ ይሁን። በአንድ ስክሪን የተታለሉ ሁለት ሰዎች ፊርማ እንደ አንድ ፊርማ ነው። ለአዲስ ሂሳብ የሚሄድ የመጀመሪያ ክፍያ ደግሞ አንድ ቀን ይቆይ። ይሄ ሁሉ የሚፈርሰው «አለቃው ቸኩለዋል» ሲባል ነው፤ ስለዚህ መልሶ የደወለ ሠራተኛ እንደማይጠየቅ አለቃው ራሳቸው አስቀድመው በጽሑፍ ያሳውቁ።

ጠያቂዋ፦ ለድርጅት ይሁን። ቤተሰብ ግን ሁለት ፊርማ የለውም። የምስጢር ቃል ተስማሙ ይባላል፤ ቃሉን በቻት ከተላላካችሁ አካውንቱ የተጠለፈ ቀን ቃሉም አብሮ ይሄዳል። በአካል ተነጋግሮ መያዝ ነው። ቃሉ በድንጋጤ ቢጠፋ እንኳ ዘግቶ ወደ ልጁ ቁጥር መደወል ይቻላል።

ተስፈኛው፦ ለምን ይሄ ሁሉ ድካም? መለያ ሶፍትዌር አለ። ኩባንያዎቹም በሚያወጡት ላይ ምልክት ያድርጉበት፣ አለቀ።

ባለ ማይክ፦ አለቀ? የቻትጂፒቲ ባለቤት ኦፕንኤአይ በማሽን የተጻፈ ጽሑፍ መለያውን በ2023 ሐምሌ ያነሳው ለምን መሰለህ? በራሱ ሙከራ በማሽን ከተጻፈው የያዘው 26 ከመቶ ነበር፣ ከሰው ጽሑፍ ደግሞ 9 ከመቶውን በሐሰት ከሰሰ። ያ ጽሑፍ ነው እንዳትለኝ፣ ስሌቱ ለድምፅም ያው ነው። ከ1000 ጥሪ 10ሩ ውሸት ቢሆኑ፣ እንዲህ ያለ መለያ ሁለት ሦስቱን ይይዝና 89 እውነተኛ ደዋይ ያስደነግጣል። ምልክቱም ቢሆን፣ ሲቱፒኤ የሚባለው የፋይል ምንጭ መግለጫ በሜታዳታው፣ ማለትም ከፋይሉ ጋር ተያይዞ በሚሄደው መረጃ ውስጥ ነው የሚቀመጠው፣ አንድ ስክሪንሾት ያጠፋዋል። ማቀነባበሪያውን በነፃ አውርዶ በራሱ ኮምፒውተር የሚያሠራ ሰው ምልክቱን ምን አስገድዶት ያደርጋል? ሌባ ታርጋ ለጥፎ ይምጣ እንደማለት ነው።

ተስፈኛው፦ እንግዲያው ይገልበጥ። ውሸቱን ትተን እውነተኛው ይፈረምበት። ካሜራ ሠሪው ላይካ ከ2023 ጀምሮ ምስሉ ሲነሳ ዲጂታል ፊርማ የሚያኖርበት ካሜራ እየሸጠ ነው።

ጠያቂዋ፦ ካሜራው የሌለው ሰው ያነሳው ሁሉ ሐሰት ሊባል ነው? እውነተኛውን ሐሰት ነው ማለት ከወዲሁ ተጀምሯል እኮ። በ2023 የቴስላ ጠበቆች ኢሎን ማስክ በ2016 የተናገረበት ቅጂ የተቀነባበረ ሊሆን ይችላል ብለው ካሊፎርኒያ ፍርድ ቤት ተከራክረዋል። ዳኛዋ አልተቀበሉትም እንጂ።

ቀጥ በል፦ ማስክን እዚህ ምን አመጣው? ሰውየውን ለመንካት ሰበብ ፍለጋ ነው።

ጠያቂዋ፦ የጠቀስኩት ጠበቆቹን ነው። ይልቅ ልብ ብለህ አንብብ።

ቀጥ በል፦ ይኸው፣ ነገር ሲያልቅ ስድብ።

መዝገብ ቤት፦ መልሶ መደወል ስንል የተመዘገበውን ቁጥር ማን ይለውጣል የሚለውን አንዳችሁም አላነሳችሁም። አጭበርባሪው ሳምንት ቀደም ብሎ «ስልክ ቀይሬያለሁ» ብሎ ካስመዘገበ፣ መልሳችሁ የምትደውሉት ለራሱ ነው። የቁጥር ለውጥም እንደ ክፍያው በአሮጌው ቁጥር ተደውሎ ይረጋገጥ። አሮጌው ካልተነሳ በአካል ይምጡ።

ተስፈኛው፦ ውጭ አገር ያለ ደንበኛም በአካል?