የካርቶን ኬክ ዱቄት በፍራፍሬ ላይ ነስንሼ ጋገርኩ፤ ዱቄቱ ግን ደርቆ ቀረ። ምን ላድርግ?

የሁለት ልጆች እናት፣ ጅማ (ማክሰኞ)

ሰላም ለሁላችሁ። እህቴ ከአሜሪካ ስትመጣ ሦስት ካርቶን የቫኒላ ኬክ ዱቄት ይዛልኝ መጣች። እዚያ «ደምፕ ኬክ» የሚሉት አለ። ፍራፍሬውን ትሪ ላይ መገልበጥ፣ ዱቄቱን እንዳለ ከላይ መነስነስ፣ ቅቤ ማድረግ፣ ከዚያ ወደ ኦቨን። እንቁላል የለው፣ መምታት የለው። ስሙም የመጣው ከመገልበጡ ነው።

እሁድ ሞከርኩት። አንድ አናናስና ሦስት ማንጎ ከትፌ ከሥር አደረግኩ። 432 ግራም ካርቶኑን በሙሉ ነሰነስኩበት። 100 ግራም የገበታ ቅቤ ቆራርጬ እዚህም እዚያም ጣል ጣል አደረግኩ። በ180 ዲግሪ 45 ደቂቃ ቆየ። ሲወጣ ቅቤው ያረፈበት ቦታ ወርቅ መስሏል። ሌላው ቦታ ግን ነጭ ዱቄት እንዳለ ቁጭ ብሏል! አናናሱም አልበሰለም። ልጆቼ ቡናማውን እየለቀሙ በሉ፤ የቀረውን ደፋሁት። በጣም አዘንኩ።

ዓርብ ከሰዓት ባለቤቴ የሥራ ባልደረቦቹን ቡና ጠርቷል። አሥራ ሁለት ይሆናሉ። ዓርብ ስለሆነ ሁለቱ ጾመኞች ናቸው። ሁለት ካርቶን ቀርቶኛል። የጣሳ ፍራፍሬ መግዛት አልፈልግም፤ ሐሙስ ሄርማታ ገበያ ወጥቼ ትኩሱን አመጣለሁ። እባካችሁ የት ጋ እንደተሳሳትኩ ንገሩኝ።

ዳቦ ጋጋሪው

እህቴ፣ ኦቨንሽም ዱቄቱም ጥፋት የለባቸውም። የጎደለው ውሃና ቅባት ነው። የስንዴ ዱቄት ኬክ የሚሆነው እርጥበት ጠጥቶ ሲሞቅ ነው። በዚህ ኬክ ሊጥ ስለማይቦካ እርጥበቱ የሚመጣው ከሁለት ቦታ ብቻ ነው። ከሥር የፍራፍሬው ጭማቂ እየፈላ በእንፋሎት ይወጣል። ከላይ ቅቤው ቀልጦ ይወርዳል። ሁለቱም ያልደረሱበት ቦታ ዱቄት ሆኖ ይቀራል።

የእህትሽ አሠራር የታሰበው ለጣሳ ፍራፍሬ ነው። የጣሳው ቀድሞ በስሏል፤ በስኳር ውሃ ውስጥም ተዘፍዝፏል። ትኩስ አናናስ ግን ጭማቂውን የሚለቀው ቀስ ብሎ ነው። እሱ እስኪለቅ ድረስ ያንቺ ዱቄት ከላይ ደርቆ አለቀ።

ቅቤውም አንሷል። ለ432 ግራም ዱቄት 170 ግራም ያህል አድርጊ። ደግሞ አትቆራርጪው። አቅልጪውና በማንኪያ ከዳር እስከ ዳር አዳርሺው።

የመንትዮቹ እናት

ውዴ፣ እኔም የመጀመሪያው ቀን እንዲሁ ሆኖብኝ ነበር። መፍትሔው ፍራፍሬውን ቀድሞ ማብሰል ነው። በቃ ሌላ ሚስጥር የለውም።

እኔ የማደርገውን ልንገርሽ። አንድ ኪሎ የተላጠና የተከተፈ ፍራፍሬ ድስት ውስጥ አደርጋለሁ። አንድ ኪሎ የምልሽ ልጣጩ ከወጣ በኋላ ነው፤ አናናስ ብዙ ስለሚጣል ሲገዛ ታስቦ ነው። 100 ግራም ስኳርና አንድ ስኒ ውሃ እጨምርበታለሁ። የሻይ ስኒ ማለቴ ነው፣ የቡና አይደለም። መካከለኛ እሳት ላይ አሥር ደቂቃ ያህል። አናናስ ካለበት አናናሱን አስቀድሚ፤ ማንጎው መጨረሻ ላይ ይግባ፣ አለበለዚያ ይሟሟል። ከዚያ አንድ የሾርባ ማንኪያ ኮርን ስታርች በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጬ አፈስበትና እያማሰልኩ አንዴ ፈላ ሲል አወጣዋለሁ። ስታርቹን በሙቅ ውሃ እንዳትበጠብጪው፣ ይጓጉላል። ጭማቂው ማንኪያ ላይ ስስ ሆኖ ከያዘ ይበቃዋል፤ ከወፈረ እንፋሎቱ ያንሳል።

ማንጎ ብቻ ከሆነ ግማሽ ሎሚ ጨምቂበት። ፓፓያ ከሆነ አንድ ሙሉ ሎሚ ያስፈልገዋል፤ ብቻውን ልፍስፍስ ያለ ጣዕም አለው። ሙዝ አይቀቀል፤ ክብ ክብ አድርገሽ ዱቄቱን ልትነሰንሺ ስትይ ጣል አድርጊበት። አቮካዶ ግን ኦቨን ውስጥ እንዳይገባ፣ ሲሞቅ ይመራል።

ከአጂፕ

ለምን ትቸገሪያለሽ? ካርቶኑ ጀርባ ላይ እንደተጻፈው በእንቁላልና በዘይት መትተሽ ሊጡን ፍራፍሬው ላይ አፍስሺው።

ዳቦ ጋጋሪው

ወንድሜ፣ እሱም ጥሩ ኬክ ነው፤ ግን ሌላ ኬክ ነው። የዚህኛው ደስ የሚለው ከላይ ቀርጨም የሚል ቅርፊት፣ ከሥር ደግሞ በማንኪያ የሚዛቅ ፍራፍሬ መሆኑ ነው። ከተመታ ያ ቅርፊት የለም። ስለዚህ እህቴ፣ ዱቄቱን ከነሰነስሽ በኋላ በምንም ዓይነት አታማስዪው።

የሁለት ልጆች እናት

ተባረኩ! ሁለት ነገር ልጠይቅ። ለጾመኞቹ ቅቤውን በምን ልተካ? መብራት ከጠፋስ? ዓርብ ዓርብ ሰፈራችን ላይ ይጠፋል።

የኪቶ ፉርዲሳ ልጅ

የጾሙን እኔ ልመልስ፤ ቤታችን ሁሌ የምንሠራው እሱን ነው። መጀመሪያ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን አንብቢ። አንዳንዱ ዱቄት ውስጥ የወተት ዱቄት አለ። «ዌይ» ተብሎ ከተጻፈም ወተት ነው። ያ ካለበት ቅቤ ብታስቀሪም ጾም አይሆንም። ለሙስሊም እንግዶችም እዚያው የእንስሳት ስብ መኖር አለመኖሩን እዪ።

ንጹሕ ከሆነ ቅቤውን ተዪና ዱቄቱ ላይ አንድ ጠርሙስ አምቦ ውሃ ቀስ ብለሽ አዳርሺበት። 300 ሚሊ ሊትር ገደማ ለአንድ ካርቶን ይበቃል። ስፕራይትም ይሆናል፣ ግን ጣፋጭ ስለሆነ ከፍራፍሬው ላይ ስኳር ቀንሺ። በዚህኛው ፍራፍሬውን ጠፈፍ አድርጊው፤ ውሃው ከላይ ስለሚመጣ ይበዛበታል። ቅርፊቱ እንደ ቅቤው አይንኮሻኮሽም። ለስለስ ያለ ነው። እኔ ሁለት ማንኪያ ዘይት ከላይ ጠብ ጠብ አደርግበታለሁ፣ ያኔ ቀለሙም ያምራል።

ለሁለት ሰው ሙሉ ካርቶን አትክፈቺ። ግማሹን፣ 216 ግራም መዝኚ፤ ሌላውን ሁሉ በግማሽ። ትሪውም ይነስ። ለሙሉው 23 በ33 ሳንቲ ሜትር፣ ለግማሹ 20 በ20 ልክ ነው።

እማማ ከጅሬን

ልጄ፣ ስለ መብራቱ አታስቢ። ድፎ ዳቦ በምን ነበር የምንጋግረው? ከሥርም ከላይም እሳት ነው። ወፍራም ብረት ድስት ቅቤ ቀቢ። የበሰለውን ፍራፍሬ ሙቅ እንዳለ ገልብጪ፤ ከቀዘቀዘ እንፋሎት እስኪያወጣ ይቆይብሻል። ዱቄቱን ነስንሺ፣ ቅቤውን አፍስሺ፣ ክደኚ። ከሰሉን ከሥር ሳሳ አድርጊው፣ ፍራፍሬው ስኳር ስላለበት ቶሎ ያራል። ብዙው ፍም ከክዳኑ ላይ ይሁን። ከሃያ ደቂቃ በኋላ አንዴ ክፈቺና እዪ። በየደቂቃው አትክፈቺ፣ አመዱም ይገባል። ከሰል ደግሞ ደጅ ነው፤ ዝግ ቤት ውስጥ አይጨስም።

ኮረሪማ ፈልፍለሽ፣ ወቅጠሽ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ አይሞላም፣ ከማንጎው ጋር ጨምሪበት። የአገራችን ነው፣ ቀረፋ ፍለጋ አትሂጂ። ቤቱን የሚያውደው እሱ ነው።

ዳቦ ጋጋሪው

እማማ እድሜ ይስጥዎ። የኮረሪማውን እኔም ወስጃለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1700 ሜትር በላይ ናት። ውሃ እኛ ጋ 94 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል። ስለዚህ ፍራፍሬ ለመብሰል ትንሽ ይዘገያል፤ 45 ደቂቃ ቢል 55 ጠብቂ። ሰዓቱን ትተሽ ዳር ዳሩን እዪ። ጭማቂው ጠርዙ ላይ ቡልቅ ቡልቅ ካለና ላዩ ቡናማ ከሆነ ደርሷል። በ35ኛው ደቂቃ ገደማ ከፍተሽ ነጭ ቦታ ካየሽ፣ የቀለጠ ቅቤ ወይም የፍራፍሬውን ሙቅ ጭማቂ በማንኪያ ጠብ አድርጊበትና መልሺው። እሁድ ይህን ብታደርጊ ኖሮ ያም አይደፋም ነበር።

እህትሽ የቆየ አሠራር ከላከችልሽም ተጠንቀቂ። ድሮ የአሜሪካ ካርቶኖች 517 ግራም ነበሩ፤ የልኩ ልዩነት ከዚያ ሊመጣ ይችላል።

የሁለት ልጆች እናት (ቅዳሜ)

ተሳካ! ሐሙስ ሁለት አናናስና አምስት ማንጎ ገዛሁ። ትልቁን በቅቤ፣ ትንሹን በአምቦ ውሃ ሠራሁ። ካርቶኑን አነበብኩት፣ ወተት የለበትም። ፍራፍሬውን ማታውኑ አበሰልኩና ጠዋት እንደገና አሞቅኩት። መብራት አልጠፋም፤ ከሰሉን ግን አዘጋጅቼ ነበር።

40ኛው ደቂቃ ላይ አንድ ጥግ ነጭ ሆኖ አየሁ። ሁለት ማንኪያ ጭማቂ ጠብ አደረግኩበት፣ ከዚያ በ58ኛው ደቂቃ አወጣሁት። ሩብ ሰዓት አሳርፌ ከሁለተኛው ቡና ጋር አቀረብኩ። ጾመኞቹ ለብቻቸው ትሪ መያዛቸው በጣም ነው ደስ ያላቸው። እማማ፣ ኮረሪማውን ሁሉም ጠየቁኝ። የእርስዎ ነው ብያለሁ።

የቀረኝ ግማሽ ካርቶን ዱቄት አለ። ስንት ጊዜ ይቆያል?

የመንትዮቹ እናት

እንኳን ደስ አለሽ! አየር በማያስገባ ዕቃ ዝጊው፣ ደረቅ ቦታ አስቀምጪው። ካርቶኑ ላይ ያለውን ቀን ቆርጠሽ ዕቃው ላይ ለጥፊበት። ከተከፈተ በኋላ ውስጡ ያለው የቤኪንግ ፓውደር ኃይል እየቀነሰ ስለሚሄድ ብዙ አታቆዪው፤ እኔ በወር ውስጥ እጨርሰዋለሁ። የተረፈ ኬክ ካለሽ ፍሪጅ ውስጥ ሦስት ቀን ይቆያል። ስትበሉት ግን ኦቨን ውስጥ አሙቂው፤ ቅርፊቱ ይመለሳል።