ኳሷን ከያዝሁ በኋላ የሚመጣብኝ ጥድፊያ፤ በረኞች ይህን እንዴት ታልፉታላችሁ?

በረኛው ከፍኖተ ሰላም፦

ጤና ይስጥልኝ። የ19 ዓመት ወጣት ነኝ፤ ፍኖተ ሰላም ላይ ለአንድ የሰፈር ቡድን በረኛ ሆኜ ስጫወት ሁለተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ኳስ ማዳኑ አይከብደኝም፤ ከቅርብ ለሚመታውም እወድቃለሁ፣ ከማዕዘን ለሚሻገረውም ሰው መካከል ገብቼ እወጣለሁ። የሚከብደኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ኳሷ እጄ ላይ እንደገባች ልቤ ይመታል፣ ከሜዳው ዳር የሚጮኸው ሁሉ «ልቀቃት! ምታት!» የሚለኝ ይመስለኛል፤ ከዚያም መጀመሪያ ላየሁት ሰው፣ አጠገቡ ማን እንዳለ ሳላጣራ እሰጣታለሁ።

ባለፈው ወር 1 ለ 0 እየመራን፣ ጨዋታው ሊያልቅ አሥር ደቂቃ ያህል ሲቀረው፣ አንድ ተሻጋሪ ኳስ ከአየር ላይ ያዝሁ። የቀኝ መስመር ተከላካያችን ብቻውን የቆመ መስሎኝ ወዲያውኑ አንከባልዬ ሰጠሁት። ተሻጋሪውን ለመግጨት ገብቶ ከጎኔ የቀረውን አጥቂ ግን አላየሁትም ነበር። በሁለት እርምጃ ደርሶ ነጠቀና ባዶ በር ላይ አገባት፤ አንድ እኩል ወጣን። ከዚያ ቀን ወዲህ ተከላካዮቼ ኳስ ሲመልሱልኝ ፍም እንደረገጠ ሰው ሆኜ ወደፊት እጠልዛታለሁ። አሰልጣኛችን ሁልጊዜ «ተረጋጋ» ይለኛል። ቃሉ ይገባኛል፤ አደራረጉን ግን የሚያሳየኝ ሰው አላገኘሁም። ልምድ ያላችሁ ታላላቆቼ ብትመክሩኝ ትልቅ ውለታ ነው።

የቀድሞ በረኛ፣ ደብረ ማርቆስ፦

ወንድም ዓለም፣ ጥያቄህን ሳነብ የራሴን የወጣትነት ዘመን አስታወስኸኝ። ለአሥራ አንድ ዓመት በር ጠብቄአለሁ፤ አሁን ተማሪዎችን ስፖርት አስተምራለሁ፤ ስለዚህ ያየሁትን በዝርዝር ልንገርህ።

ጥድፊያው ኳሷ እጅህ ስትገባ የሚጀምር ይመስልሃል፤ የሚጀምረው ግን ቀደም ብሎ፣ ኳሷ ገና በአየር ላይ ሳለች ነው። ወዴት እንደምትሰጣት ሳታስብ የያዝሃት ኳስ በእጅህ ላይ ጥያቄ ሆና ትቀመጣለች፤ ጥያቄውን ለመመለስ ስትቸኩል ደግሞ ዓይንህ የሚያርፈው በቅርብ ባለው ሰው ላይ ብቻ ይሆናል። እኔ የማዕዘን ምት ሊመታ ሲል፣ ገና መቺው ኳሷን ሲያስተካክል፣ ቀና ብዬ ሁለት ነገር አይ ነበር፤ የእኛ ፈጣን ልጅ የትኛው መስመር ላይ እንደቆመ፣ እነሱም ስንት ሰው ከኋላ እንዳስቀሩ። ኳሷን ከያዝሁ ምርጫዬ ግማሽ በግማሽ አልቆ ይጠብቀኛል። ካልያዝኋትም የቀረብኝ ነገር የለም።

ከያዝሃት በኋላ ደረትህ ላይ አጥብቀህ ያዛትና ትንፋሽህን በረጅሙ አስወጣ። መሳቡን ተወው፤ የልብን ምት የሚያዘገየው በዝግታ የሚወጣው ትንፋሽ ነው። ኳሷ በእጅህ ውስጥ እስካለች ድረስ ተቃራኒ ተጫዋች እንዲሻማህ ሕጉ አይፈቅድለትም። ስለዚህ በዚያች ቅጽበት በሜዳው ላይ ካለው ሰው ሁሉ ይልቅ ማንም የማይነካህ አንተ ነህ፤ ይህን ነገር በልብህ እስክታምነው ድረስ ለራስህ ደጋግመህ ንገረው። ከዚያ ቀና በልና መጀመሪያ ሩቁን እይ፤ የሩቁ ዕድል በሁለትና በሦስት ሰከንድ የሚዘጋ ነውና። ክፍት ከሆነ ስጥ። ከተዘጋ ጎንና ጎንህን፣ በመጨረሻም አጠገብህንና ከጀርባህ የቀረውን ሰው እያየህ ወደ ሳጥኑ ጫፍ ተራመድ። አንተ የተጎዳኸው ይህችን የመጨረሻዋን እይታ በመዝለልህ ነው።

በዚህ የተጎዳኸው አንተ ብቻ አይደለህም። እ.ኤ.አ. በ2018 ኪየቭ ላይ በተደረገው የአውሮፓ ሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ የሊቨርፑሉ በረኛ ሎሪስ ካሪየስ ኳሷን በእጁ ይዞ ለተከላካዩ ሲወረውር፣ አጠገቡ የነበረው ካሪም ቤንዜማ እግሩን ዘርግቶ አገኛትና ግብ ሆነች፤ ሪያል ማድሪድም 3 ለ 1 አሸነፈ። ካሪየስ ከዚያች ግብ ቀደም ብሎ በደረሰበት ግጭት ጭንቅላቱ ተጎድቶ እንደነበር ሐኪሞች በኋላ ስለተናገሩ በእሱ ላይ መፍረድ አልወድም። እኔ የማነሣው በዚያ ትልቅ መድረክ ላይ እንኳ ኳሷ የጠፋችው ከሁለት እርምጃ ርቀት ላይ በነበረ ሰው መሆኑን ነው።

በእግር የምትቀበላት ኳስ ሌላ ጉዳይ ናት። ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ፣ ማለት እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ፣ የቡድንህ ሰው አስቦ በእግሩ የመለሰልህን ኳስ በእጅ መንካት አትችልም፤ ስለዚህ እግርህን እንደ ጓንትህ ማመን ይኖርብሃል። ለዚህ ከማንም የተሻለ የጠቀመኝ ነገር የመቆሚያ ቦታ ነው። ተከላካይህ ኳስ ሲመልስልህ በሁለቱ ቋሚዎች መካከል ቆመህ አትቀበለው፤ ከቋሚው ውጭ ወጣ ብለህ ጠይቀው። ኳሷ ብትሾልክህ ወይም ጉብታ ነክቶ ቢያዞራት የማዕዘን ምት ትሆናለች እንጂ ግብ አትሆንም። ይህን ማወቁ ብቻ ጉልበትህን ያበረታዋል። ስትቀበልም ሰውነትህን ወደ ሜዳው ከፍተህ፣ የመጀመሪያ ንክኪህን ከሚመጣብህ አጥቂ በተቃራኒ በኩል አድርገው።

ለልምምድ ደግሞ ሁለት ድንጋይ በግራ፣ ሁለት ድንጋይ በቀኝ አስቀምጥ፤ አንዱ ጓደኛህ ኳስ ያሻግርልህ፣ ሌላው አንተ ኳሷን ስትይዝ ከሁለቱ በአንዱ ፊት ይቁም። ሥራህ ያልተዘጋውን አይቶ ወደዚያ መወርወር ነው። ሃያ ጊዜ፣ በሳምንት ሦስት ቀን። እኔ ተማሪዎቼን በዚህ ሳሠራ ከሁለት ወር በኋላ ዓይናቸው ከእጃቸው ቀድሞ መሥራት ይጀምራል።

የመሐል ተከላካይ፣ ዳንግላ፦

በታላቅ ወንድማችን ምክር ላይ አንድ ተቃውሞና አንድ ጭማሪ አለኝ።

ተቃውሞዬ ሜዳውን ይመለከታል። በሐምሌና በነሐሴ በእኛ አካባቢ ጭቃው ቁርጭምጭሚት ይውጣል፤ በዚያ ላይ ኳስ አንከባልሎ መስጠትም ሆነ በአጭር መቀባበል ድፍረት እንጂ እርጋታ አይደለም። እንዲህ ባለ ቀን ረጅም መምታት ፍርሃት ተብሎ ሊቆጠርብህ አይገባም፤ ብቻ ወደ መሐል አትምታት፤ ወደ መስመሩ ምታት፤ ብንነጠቅም ከጎን ነው የምንነጠቀው፣ ለመመለስም ጊዜ እናገኛለን።

ጭማሪዬ ደግሞ የበረኛው እርጋታ ግማሹ በእኛ በተከላካዮቹ እጅ መሆኑ ነው። ኳስ መልሰንልህ ዝም ብለን ከቆምን አንተ ብቻህን ትቀራለህ። ከእኛ በረኛ ጋር አራት ቃል ተስማምተናል፤ «ብቻህን ነህ»፣ «ሰው አለ»፣ «መልስ» እና «ምታ»። ከእነዚህ ውጭ ሜዳ ውስጥ የሚጮህ ድምፅ ሁሉ ጫጫታ ነው ተባብለናል። ኳሷ ወደ እሱ እየሄደች ሳለች አንዱን ቃል ከሰማ ከሜዳው ዳር የሚመጣውን ጩኸት አይሰማውም።

የቀድሞ በረኛ፣ ደብረ ማርቆስ፦

የጭቃውን ነገር እቀበላለሁ፤ አራቱን ቃላት ደግሞ እኔም ለልጆቼ እወስዳቸዋለሁ። ረጅም ምት ከተነሣ አይቀር አንድ ነገር ልጨምር፤ ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፣ ኳስም ትንሽ ትርቃለች። 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለችው ባሕር ዳር ወርደን ስንጫወት ያው ምት አጠር ይልብን ነበር። ከቤትህ ርቀህ ስትጫወት በማሟሟቂያው ጊዜ አምስት ስድስት ረጅም ኳስ መትተህ ልኩን አውቀህ ግባ።

ዳኛ፣ ቢቸና፦

በሰከንዶቹ ጉዳይ ብዙ በረኞች ሳያስፈልጋቸው እንደሚጨነቁ ስለማይ ሕጉን ላስረዳ። ቀድሞ ኳስ በእጅ ይዞ መቆየት የሚፈቀደው 6 ሰከንድ ነበር፤ ቅጣቱም ቀጥታ ያልሆነ ቅጣት ምት ነበር። እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 1 ቀን 2025 ጀምሮ፣ በእኛ አቆጣጠር ከሰኔ 24 ቀን 2017 ዓ.ም. ወዲህ፣ ጊዜው 8 ሰከንድ ሆኗል፤ ካለፈ ለተቃራኒው ቡድን የማዕዘን ምት ይሰጣል። ቆጠራው የሚጀምረው በረኛው ኳሷን በእጁ በሚገባ ከተቆጣጠራት በኋላ ነው፤ መቼ እንደተቆጣጠራት የሚወስነውም ዳኛው ነው። የመጨረሻዎቹን አምስት ሰከንዶች ዳኛው እጁን ከፍ አድርጎ በጣቶቹ ያሳያል። እጄ ካልተነሣ ጊዜ አለህ፤ ሲነሣም ገና አምስት ሰከንድ አለህ። ቤትህ ቁጭ ብለህ በሰዓት እየተመለከትህ ስምንት ሰከንድ ቁጠር፤ ርዝመቱ ያስገርምሃል።

ሁለት ነገር ደግሞ አትርሳ። ኳሷን ከእጅህ ለቅቀህ መሬት ካስቀመጥሃት፣ ሌላ ሰው ሳይነካት መልሰህ በእጅህ ማንሣት አትችልም። በግብ ምት ላይ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ ኳሷ ከሳጥኑ ሳትወጣ የራስህ ተጫዋች ሊቀበላት ይችላል፤ ተቃራኒዎቹ ግን ኳሷ እስክትመታ ድረስ ከሳጥኑ ውጭ መቆየት አለባቸው። እነሱ ውስጥ ሆነው ሳለ ቸኩለህ ከጀመርህ ይህን መብትህን በገዛ እጅህ ታበላሸዋለህ።

በረኛው ከፍኖተ ሰላም፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎት፤ ስሕተቱ ከተሠራ በኋላ በዚያው ጨዋታ ውስጥ እንዴት ይቀጠላል? እኔ ግቧ ከገባች በኋላ የቀሩትን ደቂቃዎች ሜዳ ውስጥ የነበርሁ አይመስለኝም።

የቀድሞ በረኛ፣ ደብረ ማርቆስ፦

በእኔም ላይ ደርሷል፤ ያውም እናቴ ልታየኝ በመጣችበት ቀን። ያዳነኝ የመሐል ተከላካያችን ነበር። ግቧ እንደገባች አጠገቤ መጣና ምንም ሳይናገር ጓንቴን ነካ አድርጎ ተመለሰ፤ ጨዋታው እንደተጀመረ ደግሞ ማንም ሳያስጨንቀን አንዲት ቀላል ኳስ መለሰልኝ፣ እኔም መለስሁለት። ያች ኳስ ለጨዋታው ምንም አልጠቀመችም፤ እግሬን ግን መለሰችልኝ። አንተም አትጠብቅ፤ ራስህ ጠይቃት። ስሕተት ከሠራህ በኋላ የምትነካት የመጀመሪያ ኳስ ቀላል እንድትሆን አድርግ፤ ለሚቀጥሉት ጥቂት ደቂቃዎች ከባዱን ቅብብል ተወው።

የጀማል ጣሰውን ነገር ምናልባት ልጅ ሆነህ ሰምተኸው ይሆናል። ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ በተመለሰችበት በጥር 2005 ዓ.ም. ከዛምቢያ ጋር ስንጫወት፣ ጀማል ከሳጥኑ ወጥቶ ኳስ ሊያርቅ ሲሞክር ተጫዋች መትቶ በቀይ ካርድ ወጣ። የቀሩት አሥሩ ግን አልተበተኑም፤ አዳነ ግርማ አገባና 1 ለ 1 ወጣን። እኔ ያን ቀን ስለ በረኛ ያሰብሁትን ያህል ስለ ጓደኞቹም አስቤአለሁ። ስለዚህ ከተከላካዮችህ ጋር ከጨዋታው በፊት ተነጋገር፤ ከስሕተት በኋላ ማን ወደ አንተ እንደሚመጣ አስቀድማችሁ ወስኑ።

በረኛው ከፍኖተ ሰላም፦

እሺ፣ ጋሼ። እሑድ በ9 ሰዓት ጨዋታ አለን። ቅዳሜ ማታ አራቱን ተከላካዮች ቤት ጠርቼ ቃላቱን እንስማማለን፤ ድንጋዮቹንም ዛሬ ከሥራ ስመለስ አስቀምጣለሁ። ስምንት ሰከንዷን አሁን ቆጠርኋት፤ ረጅም ናት።