ቪአር ክላስ ውስጥ የአስተማሪው አቫታር ሰው ቢመስል ይሻላል ወይስ ካርቱን?

መምህር_ዘ፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ በቪአር (አይን ላይ በሚደረግ መሳሪያ፣ በሄድሴት፣ በሚገባበት ምናባዊ ዓለም) ለምናስተምረው የባዮሎጂ ክላስ አቫታር፣ ማለትም እዚያ ውስጥ ሰውየውን የሚወክል ምስል፣ እየመረጥን ነው ግን መስማማት አቃተን። ግማሾቻችን አስተማሪው ከራሱ ፎቶ ተሰርቶ ቁርጥ እሱን ካልመሰለ ተማሪ በቁም ነገር አያየውም እንላለን፣ ሌሎቹ ካርቱን ይበቃል ባይ ናቸው። ለተማሪዎች ስናሳያቸው ሰው የሚመስለውን "አይኑ ፍጥጥ ብሏል፣ ያስፈራል" አሉ፣ ካርቱኑን ደግሞ "ጌም ይመስላል" ያሉ አሉ። ሄድሴቶቹ የጭንቅላትና የእጅ እንቅስቃሴ ብቻ ነው ትራክ የሚያደርጉት (የሚከታተሉት)፣ አይንና ፊት አያነቡም። ምን ትመክሩናላችሁ?

ስሪዲ_ሰሪ፦
ካርቱኑን ውሰዱ። ልጆቹ የነገሯችሁ ጃፓናዊው ማሳሂሮ ሞሪ እኤአ በ1970 ስለ ሮቦት የጻፈውን ነው፣ አንድ ነገር ሰው እየመሰለ ሲመጣ እየወደድነው እንሄዳለን፣ ልክ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ግን ድንገት ይቀፈናል። በኔ እይታ ችግሩ መልኩ ብቻውን ሳይሆን መልኩና እንቅስቃሴው አለመመጣጠናቸው ነው። የቆዳው ቀዳዳ ሳይቀር የሚታይ ፊት ስታይ ቅንድቡ እንዲነሳ፣ አይኑ እንዲርገበገብ፣ ጉንጩ ከአፉ ጋር እንዲሄድ ትጠብቃለህ፣ ያ ሲቀር ሬሳ የሚያወራ ነው የሚመስለው። ከካርቱን ማንም ያን ያህል አይጠብቅም፣ ጭንቅላቱን ነቅነቅ አርጎ በእጁ ከጠቆመ በቃ ውስጡ ሰው እንዳለ ይሰማሃል።

ሳይኮ_ተማሪ፦
እስማማለሁ፣ ግን አይኑን እንዲሁ አትለፉት። እኤአ በ2003 የወጣ የማያ ጋራውና የባልደረቦቿ ጥናት አለ፣ ሰው የሚመስለው አቫታር የተሻለው አይኑ እንዲሁ በዘፈቀደ ሲዞር ሳይሆን ከወሬው ተራ ጋር አብሮ ሲሄድ ነው፣ ቀለል ባለው አቫታር ላይ ግን ያ ጥቅም አልታየም። ሰው አብዝቶ የሚያይህ ሲያዳምጥ ነው ወይስ ሲናገር? ሲያዳምጥ ነው፣ እና ይሄን ከማይኩ ድምፅ ተነስቶ መገመት ስለሚቻል ሰው የሚመስለውን የግድ ካላችሁ ያለ አይን ትራኪንግም የተወሰነ ይሰራል። ተመራማሪው ጄረሚ ቤለንሰን ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ላይ ደግሞ አስተማሪው በአንድ ጊዜ እያንዳንዱን ተማሪ የሚያይ እንዲመስል አድርገው ሞክረዋል፣ እኔ ግን አልወደውም፣ ተማሪው አየኝ ብሎ ሲያምን አስተማሪው እያየው ካልሆነ ልክ አይመስለኝም።

ናርዲ_ቪአር፦
ሁላችሁም ስለ አስተማሪው ብቻ ነው የምታወሩት፣ ተማሪውስ?? ሰው የለበሰው አቫታር ጠባዩን ይነካዋል። ኒክ ዪና ቤለንሰን እኤአ በ2007 ባወጡት ስራ ረጅም አቫታር የተሰጣቸው ሰዎች ገንዘብ ለመከፋፈል ሲደራደሩ ከአጫጭሮቹ ይልቅ ጠንክረው ታይተዋል። ስለዚህ በግሩፕ ስራ ላይ አንዱ ግዙፍ አንዱ ድንክ እንዳይሆን ቁመቱን አስተካክሉት፣ መልኩን፣ ፀጉሩን፣ ልብሱን ግን ራሳቸው ይምረጡ።

መምህር_ዘ፦
ተባረኩ፣ ቁመቱን ጭራሽ አላየነውም ነበር። ካርቱን እናደርጋለን። መልካቸውን በየክፍለ ጊዜው እንዲቀያይሩ እንፍቀድ?

ናርዲ_ቪአር፦
ኮርሱ እስኪያልቅ ባይቀይሩ ይሻላል፣ ልጆቹ ማን ማን እንደሆነ የሚለዩት በሱ ነው፣ ትላንት አብሮህ የሰራው ልጅ ዛሬ ሌላ ሆኖ ሲመጣ እንደ አዲስ መተዋወቅ ነው። ስማቸውንም ከአቫታራቸው ጭንቅላት በላይ እንዲታይ አድርጉት።