ቴሌሜትሪ ሲመጣ ኮንፊገር እምቢ፣ ኮንፊገር ላድርግ ስል ቴሌሜትሪ የለም፣ ምን ይሻለኛል?

የጉዶበረት ልጅ፦
ሰላም ጎበዝ፣ ደብረ ብርሃን ሆነን ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ትንሽ ሮኬት እየሰራን ነው፣ ውስጧ ቴሌሜትረም የሚባል የበረራ ኮምፒውተር አለ፣ ላፕቶፑ ላይ ከሱ ጋር በሬዲዮ የሚያገናኘውን ቴሌዶንግል ሰክተን አልተስ ዩአይ የሚባለውን ፕሮግራም ከፍተናል። ሮኬቷን ግድግዳ አስደግፌ ሳበራት ቴሌሜትሪው፣ ማለትም በሬዲዮ የምትልከው ዳታ፣ ከፍታው ባትሪው ጂፒኤሱ ሁሉ ይታያል፣ ከዛ የትልቁን ፓራሹት መክፈቻ ከፍታ በሬዲዮ ልቀይር (ኮንፊገር ላደርግ) ስል ዝም። ጠረጴዛ ላይ አስተኝቼ ሳበራት ደግሞ ጭራሽ ምንም አይመጣም። ትላንት እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት በዛ ብርድ ጋቢ ተከናንበን ስንታገል አመሸን፣ ቦርዱ ተቃጥሎ ይሆን እንዴ?

ሽቦ ቆራጭ፦
ኧረ ጤነኛ ነው 😀 ሲበራ መጀመሪያ የሚያየው ቆሜያለሁ ወይስ ተኝቻለሁ የሚለውን ነው። አፍንጫዋ ወደ ሰማይ ከሆነ ልተኮስ ነው ብሎ ፓድ ሞድ ይገባል፣ ዳታ ይልካል እንጂ ትእዛዝ አይሰማም። ከተኛች አይድል ሞድ ነው፣ ቴሌሜትሪ አይልክም ግን ያዳምጣል። ጩኸቱን ስማው፣ ሁለት አጭር ከሆነ አይድል፣ አጭር ረጅም ረጅም አጭር ከሆነ ፓድ። አስተኝተህ አብራና ኮንፊገር አድርግ፣ ወይ በዩኤስቢ ገመድ ሰክተህ ተገላገል።

የጉዶበረት ልጅ፦
አስተኝቼ ሞከርኩ፣ ሁለት አጭር ይጮሃል ግን አሁንም አይገናኝም፣ ፍሪኩዌንሲው ሁለቱም ጋ 434.550 ሜጋኸርዝ ነው

ሽቦ ቆራጭ፦
ኮልሳይኑስ (የሬዲዮ መለያ ስሙ)? ቦርዱ ላይ ያለውና አልተስ ዩአይ ላይ የሞላኸው አንድ አይነት መሆን አለበት፣ ትልቅና ትንሽ ፊደል ሳይቀር። ቴሌሜትሪ ለማየት ግድ የለውም፣ ለዛ ነው ያሳሳተህ። ደሞ ይሄ ፍሪኩዌንሲ ያለበት 70 ሴንቲሜትር ባንድ የአማተር ሬዲዮ ነው፣ ፈቃድና የራስህ ኮልሳይን ሳይኖርህ እንዳታስተላልፍበት፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለውን የኢቲ3ኤኤ አማተር ሬዲዮ ክለብ ልጆች ጠይቃቸው።

የጉዶበረት ልጅ፦
ሰራ!!! ላፕቶፑ ላይ በትንሹ ፊደል ነበር የጻፍኩት 🤦 እግዜር ይስጥልኝ ወንድሜ። በቃ ፈቃዱ ሲያልቅ ጣርማበር ወጥተን ነው የምንተኩሰው

ቁልቁለት፦
ጣርማበር?? ዋሻው ጋ ቆመህ ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል አይተህ ታውቃለህ? ትልቁ ፓራሹት 250 ሜትር ላይ ይከፈት ካልከው የሚቆጥረው ከተነሳችበት መሬት ነው እንጂ ከስሯ ካለው አይደለም፣ ንፋስ ገፍቶ ከገደሉ ካሳለፋት ፓራሹቷን ዘርግታ ቆላ ድረስ ስትንሳፈፍ ትውላለች። ሲግናሉ ደሞ ተራራ አይሻገርም፣ ጫፉን አልፋ እንደወረደች ይቆረጥና የሚቀርህ የመጨረሻው የጂፒኤስ ነጥብ ብቻ ነው፣ እሱም አየር ላይ ሳለች የያዘው። ሜዳው ይሻልሃል፣ እሱም ቢሆን እህል ከታጨደ በኋላ ገበሬውን አስፈቅደህ። አልተስ ዩአይ ላይ የሚታየውን የቦታውን ካርታም ቤት ዋይፋይ እያለ አውርደው፣ እዛ ኔትወርክ አትመን።

የጉዶበረት ልጅ፦
እውነትህን ነው ገደሉን አላሰብነውም 😅 ጣርማበር ቀረ፣ ካርታውን አሁን እያወረድኩ ነው