«ደም ማድረቅ»፣ «መታረቅ»፣ «ይቅር ማለት»፦ ልዩነታቸው ምንድን ነው?

አዘዞ፦ ሰላም ለቤቱ። በጎንደር ገጠር ሰው ሞቶ ጉዳዩ በሽማግሌ ሲያልቅ «ደማቸውን አደረቁ» ይባላል። «ታረቁ» ከማለት በምን ይለያል? በጥላቻ ለተፈጸመ ግድያስ ይሠራል?

ማራኪ፦ ወንድሜ፣ ደም ማድረቅ ነፍስ ለጠፋበት ጉዳይ ብቻ የሚባል ነው። በድንበር የተጣሉ ወይም የተኳረፉ ባልና ሚስት ይታረቃሉ እንጂ ደም አያደርቁም። መጀመሪያ የገዳይ ዘመዶች ከሟች ወገን ዓይን ዘወር ይላሉ። ከሁለቱም ያልተዛመዱ ሽማግሌዎች ከካህን ወይም ከሼህ ጋር ሆነው የሟች ቤት ይመላለሳሉ። በመጀመሪያው ቀን እሺ ማለት ሟችን ማቃለል ስለሚመስል የሚቸኩል ሽማግሌ ነገሩን ያበላሸዋል። እሺታው ሲገኝ ካሳ ይቆረጣል፣ ተያዥ ይጠራል፣ መሐላ ይፈጸማል። በብዙ ቦታ ገዳዩ ድንጋይ ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ ይቀርባል፤ የሟች ወገን «ይቅር ለእግዜር» ሲል ድንጋዩ ይወርድለታል።

አራዳ፦ «ይቅር» ከ«ቀረ» የመጣ ነው። የሚቀረው በቀሉ ነው፤ በደሉ ግን በደል ነው። ይህን ያልተረዱ ቤተሰቦች ደሙ ከደረቀ መዝገቡም የተዘጋ ይመስላቸውና ምስክሮቻቸውን ያስቀራሉ። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 540 ተራ የሰው ግድያ ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። ሽማግሌ ይህን ቅጣት ሊሽር አይችልም።

ማራኪ፦ እህቴ እውነትሽን ነው። ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ስመለስ፣ «ደመኛ» ሲባል ገዳዩ ብቻ ሳይሆን ወንድሙም የአጎቱ ልጅም ይገባበታል። ጥላቻም የሚሠራው እንዲሁ ነው፤ የአንዱን ሥራ ለወገኑ ሁሉ ያሸክማል። በሚያዝያ 2014 በጎንደር ለቀብር በወጡ ሙስሊሞች ላይ የደረሰውን ጥቃት እንውሰድ። እንዲህ ያለውን «ሁለቱ ወገኖች ታረቁ» ብለን ከዘጋነው ጥቃቱን ጠብ አደረግነው ማለት ነው። እጁ የሌለበት ጎረቤት ባለዕዳ ይሆናል፤ የገደለው ደግሞ ከሕዝቡ መሃል ይሸሸጋል። ስለዚህ ገዳይ በስሙ ተለይቶ ለፍርድ ይቅረብ፣ ጎረቤት ደግሞ ለቅሶ ይድረስ። ሁለቱን መደባለቅ አያስፈልግም።

አዘዞ፦ ለቅሶ ቤት ገብቶስ ምን ይባላል?

አራዳ፦ «ያጽናችሁ»፤ ሙስሊም ቤት ከሆነ «አላህ ሰብሩን ይስጣችሁ»። ከዚያ ዝም ብሎ መቀመጥና ስለ ሟች ሲያወሩ መስማት ነው። «እናንተም እኮ ባለፈው…» ብሎ የጀመረ ሰው ለቅሶ የመጣ ሳይሆን ሙግት የመጣ ነው። «ሁሉም ያልፋል» ማለትም በ3ኛው ቀን ገና ነው። «አንጀቴን በላኝ» የሚለውን አነጋገራችንን አስተውሉት፤ በላተኛው የተጎዳው ሰው ነው፣ የሚበላው ደግሞ የእኔ አንጀት። «ሐዘኔታ» ይህን ያህል አይገልጸውም። በቀሉን የተወጣ ሰው «አንጀቴ ራሰ» የሚለውም ያንኑ አንጀት ነው።

አዘዞ፦ «ሆድ ይፍጀው» ያለ ሰውስ ይቅር ብሏል ይባላል?

ማራኪ፦ የለም። ነገሩን በሆዱ ይዞታል ማለት ነው። የሟች እናት እንዲህ ካሉ ልምድ ያለው ሽማግሌ ካሳም መሐላም አያነሳም፤ መርቆ ይወጣና ሌላ ቀን ይመለሳል።