ለዘጌና ለጉና መንገድ የሚሆን ያገለገለ ፎር ዊል

ጣና ዳር፦
ሰላም ወገኖች። ባሕር ዳር ነኝ። ድንኳን ጭነን ዘጌ፣ ጎርጎራና ጉና የምንወጣበት ያገለገለ ፎር ዊል እየፈለግሁ ነው። የላንድክሩዘር ዋጋ አይቀመስም። ደላላው ያሳየኝ ባለ ሦስት በር ቤንዚን ቪታራና አሮጌ ናፍጣ ሃይሉክስ ደብል ካፕ ነው። የቱ ይሻላል? ምን ምኑን ልይ?

ባለ ቡሎኑ፦
ሰው ሁለት፣ ዕቃው ቀላል ከሆነ ቪታራው። ሞተሩ 1.6 ነው፣ የራሱ ሻንሲና ከባድ ማርሽ (ለዳገትና ለጭቃ የሚሆን፣ ቀርፋፋ ግን ጉልበተኛ ማርሽ) አለው። አራት ሰውና ድንኳን ከጫንክበት ግን ጉና ዳገት ላይ ይለምንሃል።

ሃይሉክሱን ካሰብክ መጀመሪያ የሞተሩን ዓይነት ጠይቅ። 3ኤል ወይም 5ኤል ቀርፋፋ ነው፣ ግን ቱርቦ ስለሌለው ጣጣው ትንሽ ነው። ቱርቦ ያለው 2ኤልቲ ከሆነ ተጠንቀቅ፤ ከመጠን በላይ ሲሞቅ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ይሰነጠቃል።

ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ ሂድ። ኮፈኖውን ዳስሰው፤ ሞቆ ከጠበቀህ ሌላ ቀን ቅጠር። የራዲያተሩን ክዳን በቀዝቃዛው ክፈትና አስነሳ። አረፋው አልቆም ካለ ጓርኒሲዮኑ (ከቴስታታው ሥር ያለው ማሸጊያ) ሄዷል፣ ወይም ቴስታታው ተሰንጥቋል። ሰማያዊ ጭስ ዘይት መብላት ነው። በጥቁር ጭስ ብቻ ግን አትጣለው፤ ባሕር ዳር ራሷ 1800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ቱርቦ የሌለው ናፍጣ አየሩ ሲሳሳ ዳገት ላይ ማጠቆሩ አይቀርም።

የፎገራው፦
ሞተሩ ተነግሯል። በእኛ በኩል ፎር ዊልን የሚጨርሰው ውሃ ነው። ክረምት ርብና ጉማራ ወንዞች ሜዳው ላይ ሲተኙ መኪናው እስከ ዲፈረንሻሉ (በግራና በቀኝ ጎማ መካከል ያለው የማርሽ ቤት) ገብቶ ያልፋል፤ የሞቀው ዲፈረንሻል ድንገት ሲቀዘቅዝ ውስጡ ያለው አየር ይሰበሰብና በመተንፈሻው ውሃ ይስባል። ስለዚህ የፊቱንም የኋላውንም ዘይት እይ። መጀመሪያ የመሙያውን ቡሎን ፍታ፤ እሱ እምቢ ካለ የታችኛውን አትንካ፣ አፍስሰህ መሙያ ታጣለህ። ጣትህ ላይ የወጣው ዘይት ማኪያቶ ከመሰለ ውሃ ገብቷል፤ ኩሽኔታዎቹ ዝገው ስትነዳ ያላዝናሉ።

ፎር ዊሉ መግባቱን እንዲህ ፈትሽ፦ የኋላ ጎማዎችን በታኮ ያዝ፣ ሞተር አጥፋ፣ ማርሽ አስገባ፣ ፎር ዊል አስገባ፣ የፊት ፍሪ ዊሎቹን (የፊት ጎማን ከአክሱ ጋር የሚያያይዙት፣ ጎማው መሐል ያሉ መቆለፊያዎች) በእጅ ቆልፍ። አንዱን የፊት ጎማ በክሪክ አንሳና አዙረው። ከትንሽ ልል በቀር መዞር የለበትም። በነፃ ከዞረ ፍሪ ዊሉ አልያዘም፣ ወይም ውስጥ የተሰበረ አለ። ፍሪ ዊሉ አውቶማቲክ ከሆነ ይህ አይሠራም፤ አፈር ላይ ነድተህ ሞክር። አስፋልት ላይ ግን በጭራሽ!

ሊብሬ፦
የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከብረቱ ላይ ራስህ አንብብ፤ ሞተር የተቀየረለት መኪና ሊብሬው ላይ ካልተስተካከለ ስም ማዞሩ ያስቸግርሃል። በቀረጥ ነጻ የገባ ከሆነ ቀረጡ ሳይከፈል አይዞርም። እዳና እገዳ ሳታጣራ ቀብድ እንዳትሰጥ። ከ2016 ወዲህ የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ስለተከለከለ ሻጭ ይኮራል፣ ቢሆንም አትቸኩል።

ጣና ዳር፦
እግዜር ይስጥልኝ። ወደ ቪታራው አዘነበልኩ። ጎማው ግን ጥርሱ ገና ነው፣ አዲስ ነው ይሉኛል።

ባለ ቡሎኑ፦
ጥርሱን ሳይሆን ጎኑ ላይ ያሉትን የመጨረሻ አራት አሃዞች እይ። 2214 ካለ በ2014 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ22ኛው ሳምንት የተሠራ ነው፤ ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ጎማው ደርቋል፣ ጠጠር ላይ ይፈነዳል። የአራቱን ጎማ ዋጋ ከመኪናው ላይ አስቀንስ።