ከአሜሪካ የመጣ ገመድ አልባ ስልክ ኮምቦልቻ ላይ ይሠራል?

ጥያቄ፦ የኮምቦልቻ ልጅ
አሰላሙ አለይኩም፣ ሰላም ለሁላችሁ። አክስቴ ከአሜሪካ ስትመጣ ለአባባ ሱቅ ገመድ አልባ ስልክ ይዛላቸው መጣች። ሁለት ቀፎ አለው። ሰው በሌለበት ስልኩን አንስቶ መልእክት የሚቀዳ አንሰሪንግ ማሽንም አለው። አባባ ሰኞ ሰኞ ባቲ ገበያ ይወርዳሉ። ያን ቀን ሱቁ ዝግ ነው፤ ስልኩ ሲጮህ ይውላል። ለዚያ ይጠቅማል ብለን ነው።

ካርቶኑ ላይ «ዴክት 6.0» የሚል ተጽፏል። እስካሁን አልሰካሁትም፣ ፈራሁ። ሱቁና ቤታችን ጀርባ ለጀርባ ናቸው፤ መሀላቸው የብሎኬት ግድግዳ ነው። አንዱን ቀፎ ቤት፣ አንዱን ሱቅ ልናደርግ አስበናል። እስቲ የምታውቁትን ጀባ በሉኝ።

መልስ፦ የፒያሳው ጠጋኝ፣ ደሴ
ወአለይኩሙ ሰላም። አብሽሪ እህቴ፣ አለመሰካትሽ ደግ ነው። መጀመሪያ አዳፕተሩን ገልብጠሽ ጽሑፉን አንብቢ። «ኢንፑት» ከሚለው ፊት 100-240 ካለ ችግር የለም፣ ሶኬት ማስማሚያ ብቻ ነው የሚያስፈልግሽ። 120 ብቻ ካለ ግን የእኛ መብራት 220 ቮልት ስለሆነ ወዲያው ያቃጥለዋል። ከአሜሪካ የመጣ እቃ ተቃጥሎ ወደኔ ሲመጣ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ እዚያው ነው።

120 ከሆነ ሁለት ምርጫ አለሽ። አንዱ 220ን ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ነው። ሌላው አዳፕተሩን መቀየር ነው፣ ይሄ ይሻላል። አዲሱ ሲመረጥ «አውትፑት» የሚለው ቮልት እኩል መሆን አለበት። አምፔሩ እኩል ወይም በለጥ ያለ ይሁን። የጫፉ ፖዘቲቭና ኔጋቲቭም አንድ ዓይነት መሆኑን እዪ። አንዳንዱ አሮጌ ስልክ ደግሞ ከአዳፕተሩ ዲሲ ሳይሆን ኤሲ ነው የሚፈልገው፣ ያንንም ጽሑፉ ይነግርሻል። ሁለተኛው ቀፎ የራሱ ቻርጀር ስላለው እሱንም እንዳትረሺ።

መልስ፦ ወልድያ 033
በዚህ ዘመን አንሰሪንግ ማሽን? ሞባይላቸውን አብርተው ባቲ አይሄዱም እንዴ?

የኮምቦልቻ ልጅ
ሞባይልማ አላቸው። ግን የድሮ ደንበኞቻቸው የሚያውቁት የሱቁን ቁጥር ነው። ገበያ መሀል ደግሞ ሲጮህ አይሰሙትም። ቢሰሙትም ከግመል ነጋዴ ጋር ዋጋ እየተከራከሩ ማን ያነሳል!

መልስ፦ ከሜሪላንድ
አዳፕተሩ ይስተካከላል፣ እኔን የሚያሳስበኝ ሞገዱ ነው። ዴክት ማለት የገመድ አልባ ስልክ ቀፎና ቤዙ (ዋናው መሣሪያ) የሚነጋገሩበት የሬዲዮ አሠራር ነው። «ዴክት 6.0» ለአሜሪካ ገበያ የወጣ ስም ነው፣ ስድስተኛ ትውልድ ማለት እንዳይመስልሽ። የሚሠራው ከ1920 እስከ 1930 ሜጋኸርዝ ላይ ነው። የአውሮፓው ዴክት ግን ከ1880 እስከ 1900 ነው። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን በ2100 የሚባለው የ3ጂ ኔትወርክ ባለበት አገር፣ ሞባይሎች ወደ ማማው የሚልኩት ከ1920 እስከ 1980 ባለው ላይ ነው። ስለዚህ የአሜሪካው ስልክ የማማውን ጆሮ ይረብሻል። አውሮፓ ውስጥ የተከለከለውም በዚሁ ምክንያት ነው። ኢትዮጵያም ቢሆን ሬዲዮ ያለው እቃ ፈቃድ ይፈልጋል። ይሄ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ሥራ ነው፣ በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው መሥሪያ ቤት። እኔ ብሆን አክስትሽ ስትመለስ ይዛው ትሂድ እላለሁ። እዚህ ለሚገዛ ዘመድ ሁሉም ይንገር፦ ለአገር ቤት የሚላክ ገመድ አልባ ስልክ ከአሜሪካ አይገዛም።

የፒያሳው ጠጋኝ፣ ደሴ
ይሄን ያነሳኸው ጥሩ ነው ወንድሜ። የኔ ምክር አዳፕተሩ ላይ ነው የቆመው። ለ220 የተሠራና «ዴክት» ብቻ የሚል ከተገኘ እሱን ያዢ፣ ሁለቱም ራስ ምታት ይቀርልሻል።

የኮምቦልቻ ልጅ
አክስቴ አኩርፋ ነበር፣ አሁን ግን ተስማምታለች። ደሴ ላይ ሌላ አገኘን፣ ሁለት ቀፎ ከነማሽኑ፣ አዳፕተሩ 220 ይላል። ቀጥሎ ምን ላድርግ?

መልስ፦ የፒያሳው ጠጋኝ፣ ደሴ
ማሻአላህ። ባትሪዎቹን አስገቢ። አብሮት የመጣው ቻርጅ የሚደረግ ባትሪ ነው፣ 1.2 ቮልት ይላል። ሲደክም ከኪዮስክ የባትሪ መብራት ድንጋይ ገዝተሽ እንዳትከቺበት፣ ቻርጀሩ ላይ ሲቀመጥ ይፈነዳል ወይም ይፈሳል። የመጀመሪያውን ቻርጅ እስከ 16 ሰዓት ተዪው። ማታ ሰክተሽ እስከ ነገ ከሰዓት አትንኪው።

ቤዙን ከፍ ያለ ቦታ አድርጊው፣ ከቆርቆሮና ከብረት መደርደሪያ ራቅ ይበል። ካርቶኑ ቤት ውስጥ 50 ሜትር፣ ሜዳ ላይ 300 ሜትር ይላል። ብሎኬት ይቀንሰዋል፣ ለእናንተ ግን ይበቃል።

የስልኩ መስመር ኢንተርኔትም የሚሄድበት የመዳብ መስመር ከሆነ ድምፅና ኢንተርኔትን በሚለየው ፊልተር በኩል አስገቢው። ያለበለዚያ «ሽሽሽ» እያለ ያስቸግርሻል። ፋይበር ከሆነ ግን የስልኩ ገመድ ግድግዳው ላይ ሳይሆን ሞደሙ ጀርባ፣ የስልክ ምልክት ያለበት ቀዳዳ ውስጥ ነው የሚሰካው።

አሮጌውን ባለገመድ ስልክ አትጣሉት። መብራት ሲጠፋ ገመድ አልባው ዝም ይላል። ባለገመዱ ግን በመዳብ መስመር ላይ ከማዕከሉ በሚመጣ 48 ቮልት ስለሚሠራ አይጠፋም። በፋይበር ከሆነ ሞደሙ ሲጠፋ ሁለቱም ይጠፋሉ። ክረምት ላይ ነጎድጓድ ሲጀምር የመብራቱንም የስልኩንም ገመድ ንቀይ። መብረቅ በሁለቱም ይገባል፤ ማከፋፈያው ላይ ያለችው መጥፊያ አታድንሽም።

መልስ፦ ሐይቅ ዳር
እኛ ቤት እንዲህ ዓይነት ማሽን ስላለ ስለ አጠቃቀሙ እኔ ልንገርሽ። ማሽኑ ስልኩ ስንት ጊዜ ከጮኸ በኋላ እንደሚያነሳ ይመረጣል። ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 6 ወይም 7 ነው። አንቺ 6 አድርጊው። ምክንያቱም ማሽኑ ሲያነሳ የደዋዩ ሂሳብ መቁጠር ይጀምራል። ሚስድ ኮል ለማድረግ ብሎ የደወለ ዘመድ ካርዱ ተበልቶ ይቀየማችኋል።

«ቶል ሴቨር» የሚል ምርጫም ታያለሽ። አዲስ መልእክት ካለ ቶሎ ያነሳል፣ ከሌለ ይቆያል። ባለቤቱ ከሩቅ ደውሎ ብዙ ከጮኸ «ምንም የለም» ብሎ ሳያስነሳ ይዘጋዋል። ለአባትሽ ይመቻል፣ ለሚስድ ኮል ዘመዶች ግን አይመችም። እናንተ ምረጡ።

ሰላምታውን በአማርኛ ቅዱት። መጀመሪያ ማሽን መሆኑን ተናገሩ። እኛ «ሄሎ» ብለን ጀምረን ነበርና ሰው ሁሉ የምናናግረው መሰለው። የአያቴ እህት ስለ ቤተሰቡ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ ጠይቀው፣ አላህ ይጠብቃችሁ ብለው መርቀው ሳይጨርሱ ቆረጠባቸው። የደወሉበትን ጉዳይ እስካሁን አናውቅም! እንዲህ በሉ፦ «ይህ ማሽን ነው። ሱቁ ዛሬ ዝግ ነው። ጢጥ ሲል ስምዎን፣ ቁጥርዎንና የሚፈልጉትን ዕቃ ይናገሩ።» ስትቀዱት ቀፎውን ከአፍ ራቅ አድርጋችሁ፣ ቀስ ብላችሁ ተናገሩ። የአንዱ መልእክት ርዝመት 1 ደቂቃ ከሆነ ወደ 3 ከፍ አድርጊው። የወሎ ሰላምታ በ1 ደቂቃ አያልቅም። ብዙው ማሽን በጠቅላላው 15 ደቂቃ አካባቢ ነው የሚይዘው፣ ስለዚህ የተሰማውን አጥፉ። ሲሞላ መቅዳት ያቆማል።

አባትሽ ባቲ ሆነውም መስማት ይችላሉ። ወደ ሱቁ ይደውሉ፣ ማሽኑ ሲያወራ ሚስጥር ቁጥሩን ይጫኑ። ከፋብሪካ የመጣውን ቁጥር ግን ዛሬውኑ ቀይሪው፤ የሁሉም አንድ ዓይነት ስለሆነ ማንም ይገባበታል።

የኮምቦልቻ ልጅ
አላህ ይስጣችሁ፣ ተገጥሟል። ቤትም ሱቅም ጥርት ብሎ ይሰማል። አንድ ነገር ቀረኝ። ማሽኑ መልእክቱን ሲያሰማ ቀኑንና ሰዓቱን በእንግሊዝኛ ይናገራል። አባባ «ኤይት ኤኤም» ሲል ማታ 2 ነው ጠዋት 2 እያሉ ይጣላሉ።

መልስ፦ ሐይቅ ዳር
በእኛ ሰዓት ሙዪው። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ «1፡00 ኤኤም» ብለሽ አስገቢ። ከዚያ ኤኤም ካለ ቀን ነው፣ ፒኤም ካለ ማታ ነው። ቀኑም ንጋት 12 ሰዓት ላይ ይቀየራል፣ ልክ እንደ እኛው። መስመራችሁ የደዋይ ቁጥር የሚያሳይ ከሆነ ግን አንዳንዱ ስልክ ሰዓቱን ከጥሪው ጋር ከሚመጣው ይወስዳል። ከተበላሸብሽ ሴቲንግ ውስጥ በራሱ የሚያስተካክለውን አጥፊው። መብራት ሲሄድም መልእክቱ አብዛኛውን ጊዜ አይጠፋም፣ ሰዓቱ ግን ሊጠፋ ይችላል። እሁድ ማታ ቼክ አድርጊው፣ ሰኞ ባቲ ሳይወርዱ።